በእህል ውስጥ የተሸሸገው የሻጋታ መርዝ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



የምሥረታ በዓል ሲከበር ስለተሰበሰበው ኩንታል፣ ስለተከፋፈለው የትርፍ ድርሻና ስለተሠራው መጋዘን መናገር የተለመደ ነው፤ ይገባልም። በዚህ ንግግር የሚነሣው ጉዳይ ግን መጋዘኑ ውስጥ ከእህሉ ጋር አብሮ የሚገባ፣ ሚዛን የማያነሣው፣ ብዙ ጊዜም ዓይን የማይለየው ነገር ነው። ይኸውም ሻጋታ በእህል ላይ የሚያመርተው መርዝ ነው።

ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለመረዳት ከጎረቤት አገር መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢ፣ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ወደ ሕክምና ተቋማት መምጣት ጀመሩ። እስከ ሐምሌ ወር ድረስ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በሽታው ተላላፊ አልነበረም። ምክንያቱ በቆሎ ነበር። በመከር ወቅት ባልተጠበቀ ዝናብ የረጠበው በቆሎ በወጉ ሳይደርቅ ቤት ገብቶ ሻግቶ ነበር። ከአካባቢው ገበያዎች ከተወሰዱት 350 የበቆሎ ናሙናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወቅቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ መርዝ ተገኝቶባቸዋል። አንዳንዶቹም ከተፈቀደው 50 እጥፍ በላይ ነበሩ። ልብ መባል ያለበት ነገር ቢኖር ከተጎዱት ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ያመረቱትን፣ በገዛ ቤታቸው ያስቀመጡትን እህል የበሉ አርሶ አደሮችና ቤተሰቦቻቸው መሆናቸው ነው።

መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል። ስሙ የወጣው አስፐርጂለስ ፍላቨስ ከተባለው ሻጋታ ሲሆን፣ የታወቀውም በአንድ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። መጀመሪያ ምክንያቱ ስላልታወቀ በሽታው እንዲሁ የማይታወቅ ነገር ምልክት በሆነ ፊደል ተሰየመ። በኋላ ሲመረመር ጫጩቶቹ ሁሉ የተመገቡት መኖ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የገባበት ሆኖ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ የበቀለው ሻጋታ ያመረተው መርዝ ነበር የዶሮዎቹን ጉበት የጨረሰው።

ሻጋታ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ማወቅ ለመከላከል ይረዳል። ሻጋታ ከፈንገስ ወገን ነው። ሥር፣ ቅጠል፣ አበባ የለውም፤ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አይሠራም። እንደ ጥጥ ክር የቀጠኑ አካሎቹን በእህሉ ውስጥ እየሰደደ፣ ስታርቹንና ቅባቱን እያሟሟ ይመገባል። ዘሩ ከዱቄት የላመ ነው። በአፈር ውስጥ፣ በቆረቆንዳና በአገዳ ቅሪት ላይ፣ በአውድማ ላይ፣ ባልጸዳ ጎተራ ግድግዳ ላይ ይኖራል። በነፋስም ይነሣል። ስለዚህ ‹‹የእኔ እህል ሻጋታ አልነካውም›› የሚል አርሶ አደር ካለ፣ በትክክል ማለት የሚችለው ‹‹የእኔ እህል ላይ ሻጋታው የሚያድግበት ሁኔታ አላገኘም›› ብቻ ነው።

የሚያድግበት ሁኔታ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ነው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚመቸው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ሙቀት ነው። በቆሎ እርጥበቱ ከመቶ 13 ሲሆን ሻጋታው ዘሩ ቢኖርም ይተኛል። ከ15 እና ከ16 እያለፈ ሲሄድ ይነቃል። ኦቾሎኒ ቅባት ስለሚበዛበት ከዚያም በታች መድረቅ አለበት፤ ፍሬው ከመቶ 7 ወይም 8 መሆን ይኖርበታል። ሻጋታው ስኳሩንና ቅባቱን ሲፈጭ የሚያገኛቸውን ትናንሽ ቁርጥራጮች እንደ ዶቃ እየቀጣጠለ፣ ከ20 በላይ በሆኑ ጂኖች እየታዘዘ፣ ደረጃ በደረጃ አፍላቶክሲንን ይሠራል። ለምን እንደሚሠራው ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከነፍሳትና ከሌሎች ተሕዋስያን ራሱን ለመከላከል ነው የሚሉ አሉ። ችግር ሲገጥመው፣ ለምሳሌ ተክሉ በድርቅና በሙቀት ሲጨነቅ፣ መርዙን አብዝቶ ማምረቱ ግን በተደጋጋሚ የታየ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መርዙ መጋዘን ውስጥ ብቻ የሚጀምር አለመሆኑ ነው። ዝናብ ቀድሞ የተቋረጠበት፣ የአገዳ ቆርቋሪ የበሳው፣ ምስጥ የቀረጠፈው ሰብል ገና ማሳ ላይ እያለ ሊያዝ ይችላል።

ሁሉም ሻጋታ መርዛም አይደለም። ከዚሁ ከአስፐርጂለስ ፍላቨስ ወገን እንኳ መርዝ የማይሠሩ አሉ። በናይጄሪያ፣ በኬንያና በሴኔጋል እነዚህን ምንም የማይጎዱትን ዘሮች በማሽላ ላይ አድርጎ ማሳ ላይ በመበተን መርዛሞቹን ቦታ የማስለቀቅ ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል። በሌላ በኩል አፍላቶክሲን የማይሠሩ ሆነው ሌላ መርዝ የሚሠሩ አሉ። የበቆሎ ራስ ላይ ነጭ ወይም ሮዝ መሰል ሻጋታ የሚያበቅለው ፉዛሪየም፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በደቡብ አፍሪካ የታወቀውን ፉሞኒሲን የተባለ መርዝ ያመርታል። በስንዴ ላይ የሚወጣው የፉዛሪየም ዓይነት ደግሞ ሰውና እንስሳን የሚያስታውክ መርዝ ይሠራል። በቡና ላይ ሊገኝ የሚችለው ኦክራቶክሲን ኩላሊትን ይጎዳል።

መርዙ በኢትዮጵያም አዲስ ነገር አይደለም

በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚያስታውሱት አንድ ታሪክ አለ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ በላስታ አካባቢ፣ የሰዎች እግርና እጅ ጣቶች እየጠቆሩ፣ እየደረቁ፣ በመጨረሻም እየወደቁ ሄዱ። የተመዘገቡት በሽተኞች 93 ሲሆኑ 47ቱ ሞተዋል። ነገሩን እርግማን ያሉት አይጠፉም ነበር። ሲመረመር ግን ከገብስ ጋር ተደባልቆ በሚበቅለው ሲናር ላይ ኤርጎት የተባለ ፈንገስ ተገኘ። ኤርጎት በአበባ ጊዜ ገብቶ በፍሬው ቦታ እንደ አይጥ ኩስ የጠቆረ፣ ጠንካራ፣ ከፍሬው የሚረዝም ነገር ይተካል። በውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥርን አጥብቆ ስለሚያጠብ ደም ወደ ጣቶች መድረስ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ይኸው በሽታ በአርሲ ከተበከለ ገብስ ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ኤርጎት ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ በሰፌድ አበጥራ፣ በእጇ ለቅማ የምታወጣው እናት ቤተሰቧን ታድናለች። አፍላቶክሲን ይህን ዕድል ሁልጊዜ አይሰጥም። በአዲስ አበባ ከተሸጡ የበርበሬና የሽሮ ዱቄት ናሙናዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በአንዳንዶቹ ላይ በኪሎ ግራም ከ100 ማይክሮ ግራም ያላነሰ አፍላቶክሲን አግኝቷል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ የሻገተውን ዛላ ከጤነኛው የሚለይ ማንም የለም። በምሥራቅ ሐረርጌ ባቢሌን ጨምሮ በኦቾሎኒ አምራች ወረዳዎች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ከ120 ናሙናዎች በ93ቱ ላይ መርዙን አግኝቷል። ድርቅ የሚበዛበት አካባቢ መሆኑ፣ ፍሬው አፈር ውስጥ ማደጉ፣ በአንዳንድ ቦታም ቅርፊቱ ቶሎ እንዲሰበር ውሃ እየተረጨ መፈልፈሉ ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። በርበሬም ላይ እንዲሁ ነው፤ ዛላው እንዳይሰባበር፣ ሚዛንም እንዲያነሣ ተብሎ ውሃ ይረጫል። በውሃ የተገኘው ጥቂት ኪሎ የሚያስከትለውን የሚያየው ገዢው ነው።

ማይክሮ ግራም ሲባል ለብዙ ሰው ነገሩ ይርቃል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ቋንቋ እንዲህ ማስላት ይቻላል። በኪሎ ግራም 1 ማይክሮ ግራም ማለት በ10 ሺህ ኩንታል እህል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለምግብ በሚውል እህል ላይ በጠቅላላ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን መጠን 4 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ በ10 ሺህ ኩንታል ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ መሆኑ ነው። አሜሪካ የምትፈቅደው 20 ሲሆን አምስት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ለበቆሎ 10 ላይ ወስነዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኬንያ የኡጋንዳንና የታንዛንያን በቆሎ ከድንበር የመለሰችው በዚሁ በሻጋታ መርዝ ምክንያት ነበር። እገዳው በቀናት ውስጥ በምርመራ ሰርተፊኬት ቢተካም፣ መኪና ላይ እንደተጫነ ድንበር ላይ የቀረው በቆሎ የማን ኪሳራ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ወተትን በተመለከተ ጉዳዩ ከተማውንም አርሶ አደሩንም አስደንግጦ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ምርት ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት በመገናኛ ብዙኃን ሲነገር ወተት መግዛት ያቆመ ሰው ብዙ ነበር። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ላይ መርዙ የተገኘ ሲሆን፣ የአውሮፓን ወሰን የማያልፉት 9 ብቻ ነበሩ። ከአራት አንድ ያህሉም ላላ ያለውን የአሜሪካ ወሰን እንኳ አልፈዋል። ላሟ መርዙን ከየት አመጣችው? ከመኖዋ ነው። ከተመረመሩት መኖዎች ከፍተኛ መርዝ የተገኘው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ኑጉ ሳይደርቅ ተከምሮ፣ ፋጉሎውም ከመጭመቂያ ቤት ወጥቶ እርጥበት ባለበት ሲቀመጥ ሻጋታው ይደሰታል። ላሟ የበላችውን አፍላቶክሲን ጉበቷ ለውጦ ከመቶ 1 ወይም 2 ያህሉን፣ ብዙ ወተት በምትሰጥ ላም ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ የሚሆነውን፣ ወደ ወተቷ ያስተላልፋል። ይህም የተበከለውን መኖ በበላች በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምራል። ደግነቱ የተበከለው መኖ ሲቋረጥ ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል። ስለዚህ ላም አርቢው እጅ ላይ መፍትሔ አለ ማለት ነው፤ የሻገተ ፋጉሎ፣ የሻገተ ፍሩሽካ፣ የሻገተ ገለባ ለታላቢ ላም አለመስጠት። ወተት የሚጠጣው ከሁሉ በፊት ሕፃን ልጅ መሆኑ መረሳት የለበትም።

የመርዙ ጉዳት እንደ ኬንያው በአንድ ጊዜ ገዳይ ሆኖ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ በትንሽ በትንሹ፣ ለዓመታት ይገባል። ጉበት አፍላቶክሲንን ለማስወገድ ሲሞክር ይበልጥ ወደሚጎዳ ነገር ይለውጠዋል። ይህም ከሴሉ የዘር ውርስ ጋር ተጣብቆ ስሕተት ይፈጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እስከ 30 እጥፍ ይጨምራል። በቤኒንና በቶጎ በተደረጉ ጥናቶች በደማቸው ብዙ አፍላቶክሲን የተገኘባቸው ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ይልቅ ቁመታቸው አጥሮ፣ ክብደታቸውም ቀንሶ ታይቷል። ምንም ዓይነት የጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ‹‹በሻገተ በቆሎ ምክንያት›› ተብሎ አይጻፍም። ስለሆነም ሰው ጉዳቱን አይቆጥረውም።

‹‹እሳት አይደል የሚገባው?›› የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ሻጋታው በእሳት ይሞታል፤ መርዙ ግን አይጠፋም። አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ውሃ ከሚፈላበት እጅግ በላቀ ሙቀት ስለሆነ ገንፎ ሲገነፋ፣ ንፍሮ ሲቀቀል፣ ዳቦ ሲጋገርም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ቆሎ ሲቆላ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል እንጂ አይጸዳም። ሌላው የተለመደ መላ የሻገተውን ለጠላ ማዋል ነው። የጌሾ ምሬት የሻጋታን ጣዕም ይሸፍነው ይሆናል፤ መርዙ ግን ከፊሉ ከጠላው ጋር ይጠጣል፣ ከፊሉ ከአተላው ጋር ይቀራል። አተላውን ላም ትጠጣለች። እዚህ ላይ ክቡ ይዘጋል፤ ቤት ጠረገ የተባለው መርዝ በወተት ዞሮ ቤት ይገባል።

ማድረቅ

የመከላከሉ ሥራ ሁሉ ከማድረቅ ይጀምራል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። በቆሎ መድረሱን የሚያሳየው ፍሬው ከቆረቆንዳው በተያያዘበት ጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። ነጥቡ ሲታይ ግን እርጥበቱ ገና ከመቶ 30 በላይ ነው። ከዚያ እስከ 13 ያለው ጉዞ የአርሶ አደሩ ሥራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ጉዞው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ዝናብ ባልታሰበበት ጊዜ ሲመጣ፣ ሠራተኛ ሲጠፋ፣ ያልተፈለፈለው በቆሎ ሣር ላይ ወይም ባዶ መሬት ላይ ሲከመር ችግሩ ይጀምራል። በክምሩ ውስጥ እጅ ሲገባ የሚሰማው ሙቀት ሻጋታውና ነቀዙ ሲተነፍሱ የሚያወጡት ነው። ሙቀቱ እርጥበት ይፈጥራል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ያሳድጋል።

ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ወይም በሸራ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ ቀን መላልሶ ማገላበጥ፣ ማታ ከጤዛ መሸፈን ያስፈልጋል። የሚወቃውም በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። በዱላ በኃይል የተደበደበ በቆሎ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ፍሬ ደግሞ ለሻጋታ የተከፈተ በር ነው። ከመውቃት በፊት የሻገተውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ወፍ የጠቀጠቀውን ራስ መለየት ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አለው። መርዙ በእህሉ ውስጥ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝም፤ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ ነው የሚገኘው። አንድ የሻገተ ራስ ከጤነኞቹ ጋር ሲፈለፈል ሁሉንም ያበላሻል። ሴቶች በሰፌድ እያበጠሩ የተሸበሸበውን፣ የቀለለውንና ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ ሲለቅሙ የሚሠሩት ሥራ በላቦራቶሪ ቋንቋ ሲተረጎም መርዙን በከፊል ማውጣት ነው። ሥራው እንደ ጓዳ ሥራ ስለሚታይ በየሪፖርቱ አይጠቀስም፤ ሊጠቀስ ግን ይገባ ነበር።

በማስቀመጫ በኩል፣ ጎተራው ካለፈው ዓመት ቅሪት ተጠርጎ ቢጸዳ፣ መጋዘን ውስጥ ጆንያው በሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ቢደረደር የሚሻል መሆኑ የታወቀ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ላብ ያወጣል፤ ከላይ ያለው ጆንያ የሚሻግተው በዚህ ነው። በሐረርጌና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድም ከዳርና ከላይ የአፈር እርጥበት ስለሚስብ ዙሪያው ይሻግታል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት የሚገድል ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ያልደረቀ እህል ቢገባበት እርጥበቱ መውጫ ስለሌለው እህሉ ይበላሻል። የነቀዝ መድኃኒትን በተመለከተም አንድ ስሕተት ይታያል፤ መድኃኒቱ ነቀዝ እንጂ ሻጋታ አይገድልም።

ሚዛኑ የሚለው

አሁን ዩኒየኑንና መሠረታዊ ማኅበራቱን በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር መምጣት ይገባል። አርሶ አደሩ እንዲያደርቅ ይመከራል፤ ነገር ግን ሚዛኑ ምን ይለዋል? እርጥበቱ ከመቶ 18 የሆነ አንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ 82 ኪሎ ደረቅ ነገርና 18 ኪሎ ውሃ አለ። ይኸው በቆሎ እስከ 13 ሲደርቅ የሚመዝነው 94 ኪሎ ከሩብ ያህል ነው። 20 ኩንታል የነበረው አርሶ አደር በደንብ በማድረቁ ከአንድ ኩንታል በላይ ከሚዛኑ ጠፋበት ማለት ነው። ጎረቤቱ ግን ከነውሃው አምጥቶ በሙሉ ሚዛን ተከፈለው። ዋጋው አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ የመጀመሪያው ለትጋቱ ተቀጣ፣ ሁለተኛው ለስንፍናው ተሸለመ። በዚህ ሁኔታ ምንም ዓይነት ሥልጠና ቢሰጥ በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም እርጥብ ይዘው ይመጣሉ፤ ሊወቀሱም አይገባም።

ኪሳራው ደግሞ ለአርሶ አደሩ ብቻ አይደለም። ከመቶ 18 እርጥበት ያለው 5 ሺህ ኩንታል የገዛ ዩኒየን፣ እህሉ እስከ 13 ሲደርቅ ወደ 287 ኩንታል የሚሆን የውሃ ዋጋ ከፍሎ ነበር ማለት ነው። ያ ገንዘብ በበዓሉ ቀን ከሚከፋፈለው የትርፍ ድርሻ የሚወጣ ነው። ስለሆነም የግዥ ኮሚቴዎች ዋጋውን በመቶ 13 ላይ አቁመው፣ ከዚያ በላይ ለመጣው እርጥበት ኪሎውን ቢቀንሱ፣ ደረቅና የተለቀመ ለሚያመጣው ደግሞ በኩንታል ተጨማሪ ቢከፍሉ ሚዛኑ ራሱ አስተማሪ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየመረከቢያው አንድ የእርጥበት መለኪያና አባሉ ፊት የሚነበብ ግልጽ የቅናሽ ሰንጠረዥ ነው። መለኪያው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተነብቦ ቁጥሩ በቃል ብቻ የሚነገር ከሆነ ግን አዲስ ሐሜት ይወልዳል እንጂ አይጠቅምም።

በኅብረት መሸጥ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አንድ አደጋ ይዞ ይመጣል። በኪሎ 500 ማይክሮ ግራም መርዝ ያለበት አንድ ኩንታል ከ49 ንጹሕ ኩንታሎች ጋር ቢደባለቅ 50ውም ኩንታል በኪሎ 10 ይደርሳል። ለአውሮፓ የማይሆን፣ ለምሥራቅ አፍሪካም ጠርዝ ላይ የቆመ ይሆናል። አንድ አባል በቸልተኝነት ያመጣው 49 አባላትን ገበያ አሳጣ ማለት ነው። ናሙና ሲወሰድም ችግር አለ። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች ከአንድ ጆንያ አናት በእፍኝ የተወሰደ ናሙና ምንም አያሳይም። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ተወስዶ፣ ተደባልቆ፣ ተፈጭቶ ሲመረመር ነው የሚታመነው።

ለአመራሮች የሚቀርብ አንድ ጥያቄም አለ። በጥራት ጉድለት የተመለሰ እህል የት ይሄዳል? በአብዛኛው መልሱ ይታወቃል፤ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል። እዚያ በርካሽ የሚገዛው የቀን ሠራተኛው፣ ጠላ ሻጯ፣ እህሉ ቀድሞ ያለቀበት ቤተሰብ ነው። ዩኒየኑ ‹‹አልተረከብኩም›› ብሎ ከመዝገቡ ቢያወጣውም መርዙ ከወረዳው አልወጣም። የሻገተውን ለይቶ ማቃጠል ወይም መቅበር ያስፈልጋል ማለት ቀላል ነው፤ ድሃ ለሆነ ቤት ግን የተለቀመው ሁለት ቁና እህልም እህል ነው። ስለዚህ የተመለሰው እህል ገና እርጥብ ብቻ ሆኖ ካልሻገተ፣ ማኅበሩ ሸራ እያዋሰ እዚያው አድርቆ መልሶ እንዲያስመዝን ዕድል መስጠት ከመመለስ ይሻላል። ሻጋታ የያዘውን ግን በምንም ዋጋ፣ ለከብት መኖም ቢሆን፣ ማሳለፍ አይገባም።

የእርጥበት መለኪያው እስኪገዛ ድረስ ማንም አርሶ አደር ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ። ንጹሕና ደረቅ የሆነ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ ይዘጋጃል። በፀሐይ ወይም በምጣድ በደንብ የደረቀ ጨው ይዘጋጃል። ጠርሙሱ እስከ ሲሶው በእህሉ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል፣ ከዚያም ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ይናጣል። ትንሽ ቆይቶ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከተገኘ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 በላይ ነውና ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይውጣ። ጨው ሳይጣበቅ ወደ ታች ከወረደ ከ15 በታች ነው። ይህ 13 መድረሱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ጎተራ ከመግባቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ቢያገኝ ይመረጣል። ሙከራውንም ከክምሩ አናት በተወሰደ ሳይሆን ከመካከሉ በተወሰደ እህል ማድረግ ነው።